ወደ ዲኪል በጠገራ ብር

ባሌ ካሳው በሕይወቱ ሳለ ቆቦ ገበያ ላይ ያልተከራከረው ነጋዴ የለም። ጨው ሲገዛ ይከራከራል፣ በግ ሲሸጥ ይከራከራል፣ ለስለት የሚያበራውን ጧፍ ሲገዛ እንኳ ይከራከራል። «እግዜር በርካሽ የተገዛ ጧፍ አይቀበልም ያለሽ ማነው?» ይለኝ ነበር። ያ ሰው ወባ ይዞት፣ የራሱን ከፈን ዋጋ ሳይጠይቅ፣ ዝም ብሎ ሄደ። ከሞቱ ይልቅ ዝም ማለቱ ነው እንግዳ የሆነብኝ።

ያለችን አንዲት ልጅ ናት፣ አስረሳሽ። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በቀይ ሽብሩ ጊዜ የቀበሌ ሰዎች ቢፈልጉት በጋላፊ በኩል አምልጦ ጅቡቲ ውስጥ ዲኪል የሚሏት ከተማ ገባ፤ እሷም ተከትላው ወጣች። አባቷ ሲሞት አስረሳሽ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ይህንንም የሰማሁት ከጎረቤቴ ከራቢዓ ነው። ራቢዓ ሽንኩርት ነጋዴ ናት ይባላል፤ የጆንያዋ አፍ ሽንኩርት ነው፣ ሆዱ ግን ከድንበር ማዶ የመጣ ጨርቅና ሽቶ።

ለቅሶው ሲበተን የካሳው ወንድም ታረቀኝ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«እት ደብሪቱ፣ ለልጅቱ እንላክባት። በዚያ በኩል የሚያልፍ ነጋዴ አይጠፋም፤ ያረዳታል» አለኝ።

«ነጋዴ ነው የሚያረዳት?»

«ታዲያ ማን ይድረስላት?»

«እኔ። አራስ መርዶ አትረዳም ሲባል አልሰማህም? ወይ ጎኗን የሚይዝላት ዘመድ የለ፣ ወይ አብሯት የሚያለቅስ የለ። ሽቶ የሚሸጥ ሰው ‹በነገራችን ላይ አባትሽ ሞቷል› ይበላት? እኔ ራሴ ሄጄ፣ ወልዳ ተነሥታ፣ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ነው የምነግራት።»

«ሴትዮዋ አብዳለች» ብሎ ወጣ። ይበል።

ቀበሌው እስከ ሮቢት ለመሄድ እንኳ የይለፍ ወረቀት በልመና ነው የሚሰጠው፤ ለጅቡቲማ ማን ይጠይቃል! ስለዚህ መንገዴ የዞብልን ተራራ ወርዶ በአፋር በረሃ ሆነ። መንገዱን የሚያውቅ ያዮ የሚባል አፋር አለ፣ ጨው በግመል ጭኖ ቆቦ የሚመጣ። የቀረኝ በየመንገዱ ለውሃና ለምግብ በምን እንደምከፍል ነው። እሱን ደግሞ ከራቢዓ ተማርኩ።

«ብር ይዘሽ ብትሄጂ፣ የኬላ ፈታሹ ፊናንስ ያገኘሽ እንደሆነ ብሩም አንቺም ትቀራላችሁ። ባያገኝሽም እዚያ ማዶ የኛን ብር በግማሽ ዋጋ ነው የሚይዙት» አለችኝ።

«ብሩንስ አላምነውም። የንጉሡ ብር ሲቀየር የስንቱ ሰው ሳጥን ወረቀት ታቅፎ ቀረ።»

«ፍራንክ ዘርዝሪ እንዳልልሽ፣ የሚዘረዝሩት ሰዎች በመሐል የሚነክሷት ንክሻ አለች። ቅቤ እንዳልልሽ፣ ሳትደርሺ ውሃ ይሆናል። ያቺ የእናትሽ ድሪስ?»

የእናቴ ድሪ ጠገራ ብር የተሰካባት የአንገት ጌጥ ናት። እኔን ስትወልድ እናቴ አንገት ላይ ነበረች፣ አስረሳሽን ስወልድ እኔ አንገት ላይ። አሁን ደግሞ ተራው የአስረሳሽ ነው።

«ጠገራ ብር የትም አገር ብር ነው። መዝነው እያመሰገኑ ይቀበሉሻል» አለች ራቢዓ።

«እሷ ለክፍያ አይደለችም።»

«ኧረ ተይው፣ ከሁሉ የረከሰው ክፍያ ሌላ ነው።» ሳቀች። «አፍሽ ነው እህቴ! አፋር አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ የሚያውቀውን ሁሉ ይነጋገራል፤ ዳጉ ይሉታል። ዝናቡን፣ ሳሩን፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ። ወሬሽን ስጪያቸው፣ ውሃውም ወተቱም ጥላውም ያንቺ ነው። ወላሂ፣ እኔ ስንት ጊዜ በባዶ ኪሴ አቋርጬዋለሁ! ብቻ እውነት ይሁን። የዋሸ ሰው በዚያ አገር ሁለተኛ አይሄድም።»

«ወሬው ከዚያ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደፊት ነዋ! ከግመል ይፈጥናል። አንቺ ገና መንገድ ላይ ሳለሽ እሱ ዲኪል ገብቶ ያድራል።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ማን ሞተ ተብዬ ከመለስኩ፣ መርዶው ከእኔ ቀድሞ ልጄ ጋ ሊገባ ነው። በወሬ ሳይሆን በብር ልከፍል ቆረጥኩ። ድሪዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ወገቤ ላይ ታጠቅኩ።

ዞብልን በማለዳ ወረድን። ያዮ ከፊት፣ ግመሎቹ ከኋላው፣ እኔ ከግመሎቹ ጎን። ሜዳው ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ምድሩን እንደ ውሃ ታንቀጠቅጠው ጀመር። ከዚያ ውሃ ውስጥ አንድ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወጣ። አረማመዱን አውቀዋለሁ፤ ግራ እግሩን ጎተት ያደርጋል።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አልኩት በሆዴ።

«ሰው አገር ስትሄጂ እንዳያጭበረብሩሽ ነዋ» አለ ካሳው።

አልደነገጥኩም። በዚያ ሙቀት የሞተ ሰው ማየት የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ድምፁን ካጣሁ ሰንብቼ ነበር።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ጋ አንድ ሽማግሌ ከግራር ሥር ተቀምጧል። ከያዮ ጋር እጅ ለእጅ ተሳሳሙና ረጅም ወሬ ተለዋወጡ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ፤ ያዮ አስተረጎመ።

«ዝናቡ እንዴት ነው ይልሻል።»

«ዞብል ላይ ዘንቧል። የጎሊና ወንዝም ሞልቶ ነበር። ማሽላው አገዳ ይዟል።»

«ወታደሩስ?»

«በመኪና ወደ ሰሜን ይጎርፋል። የሚመለስ አላየሁም።»

«ቤትሽስ? ባልሽስ?»

እውነቱን ብናገር ወሬው ከእኔ ቀድሞ ልጄ ጋ ይደርሳል። ውሸት ደግሞ ክልክል ነው። ዞር ብዬ ከድሪዋ አንዱን ጠገራ ፈትቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ሽማግሌው ብሩን አየ፣ እኔን አየ።

«ብር አልጠየቅንሽም ይላል» አለ ያዮ።

«እኔ ግን በብር ነው የምከፍለው።»

ካሳው ከግራሩ ማዶ ብድግ አለ። «አንቺ ሴት! ለአንድ ቅል ውሃ ጠገራ ብር? እናትሽ በመቃብሯ ትገላበጣለች! ንገሪው እንጂ! የሞትኩት እኔ፣ ወሬው የኔ፣ በነጻ ክፈይበት! ከእኔ የረከሰ ምን አለሽ?»

«አንተ አትረክስም። ዝም በል» አልኩት።

ሽማግሌው ብሩን ቀስ ብሎ ሽርጡ ጫፍ ላይ ቋጠረና ውሃውን ራሱ ቀድቶ ሰጠኝ።

በሌላ ቀን አንዲት ጎልማሳ ሴት የግመል ወተት በጮጮ ሰጠችኝ። ጮጮው በጭስ የታጠነ ነው፤ ወተቱ የተቃጠለ እንጨት እንጨት ይላል። ልጅ ታጠባለች። ስለ ቤቴ ስትጠይቀኝ ያየችኝ አስተያየት የእህት አስተያየት ነበር። ልናገር ምንም አልቀረኝም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ «ካሳው» የሚለው ስም ጥርሴን ነክቷል። የልጄን ፊት አሰብኩና ዋጥኩት። ለእሷም አንድ ጠገራ ፈታሁላት። እሷ ብሩን ስትቀበል አልተደሰተችም። የልጇን ፊት በልብሷ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የትኛው ጉድጓድ የቱ እንደነበር አላውቅም። ጥቁር ድንጋይ አለፍን፣ የነደደ የሚመስል። አዋሽን ጥልቀት በሌለው በኩል ተሻገርን። ከሩቅ ባሕር ይታየኛል፣ ስንደርስበት ጨው ነው፤ ከሩቅ ከተማ ይታየኛል፣ ስንደርስበት የምስጥ ኩይሳ ነው። ድሪዋ እያጠረች፣ ወገቤ እየቀለለኝ ሄደ። ካሳው በየጉድጓዱ ይከራከራል። ቀኑ በገፋ ቁጥር ግን ድምፁ እየለሰለሰ መጣ፤ አንዳንዴ እንዲያው «ውድ ነው፣ ውድ ነው» ብቻ ይላል፣ ለራሱ እንደሚዘፍን ሰው።

አንድ ከሰዓት ግመሎቹ ጥላ ሥር እንደተኙ ያዮ ጠየቀኝ።

«አንቺ ሀብታም ነሽ?»

«ከየት አምጥቼ!»

«ታዲያ ዝምታ ለምን ትገዣለሽ? እኛ አገር ዝምታ ውድ ነው።»

«ገንዘቤ ነው፣ ምን አገባህ?»

ሳቀ። «እሺ። ምን አገባኝ።» ሻሼን አየት አደረገና ዓይኑን መለሰ። እኔም እንደ ልማዴ ሻሹን እስከ ግንባሬ ጎትቼ አሰርኩ። ከሥሩ ጸጉሬ ለሐዘን ተላጭቷል፤ ማንም እንዳያይብኝ ስንት ተጠንቅቄያለሁ።

ዲኪል የደረስነው በማለዳ ነው። ከከተማዋ ዳር አንድ ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። መጀመሪያ እንደ ባሕሩና እንደ ከተማው የሙቀት ጨዋታ መሰለኝ፤ ጠዋት ሙቀት እንደሌለ ረሳሁት። ስንቀርብ አልጠፋችም። አስረሳሽ ናት።

ሮጣ አልተቀበለችኝም። ቆማ ጠበቀችኝ። ሳምኳት፣ ሕፃኗን ሳምኳት።

«ማን ነገረሽ መምጣቴን?» አልኳት።

«ከሰማሁ ሰነበትኩ እማዬ። በየማለዳው እዚህ እቀመጣለሁ።»

«ምን ብለው ነገሩሽ?» አልኳት።

«‹አንዲት የራያ ሴት ወደ ልጇ እየመጣች ነው። የያዘችው ወሬ የራሷ ነው፤ ማንም እንዳይወስድባት› ብለው ነው ሰው ለሰው ያሳለፉት። ምንድነው ብዬ ብለምን፣ ባለቅስ፣ አንድም ሰው አልነገረኝም። የሷ ነው ይሉኛል።»

ወደ ያዮ ዞርኩ። የግመሉን ገመድ የሚፈታ መስሎ አቀርቅሯል።

«አውቀህ ነበር?»

«የራያ ሴት ልጇን ልታርስ ስትሄድ ጸጉሯን ቅቤ ሳትቀባ ከቤቷ አትወጣም። አንቺ ቅቤ አልሸተትሽም። ገና ዞብል ላይ ሐዘን እንዳለብሽ አወቅኩ። ለሽማግሌው ነገርኩት፣ እሱም ለሌላው ነገረ።»

«ታዲያ ብሬን ለምን ተቀበላችሁኝ?»

ቀና አለ። «ባንቀበልሽ ትናገሪ ነበር።»

 አስረሳሽ እጄን ያዘች። እጄን ራሷ ወስዳ ደረቷ ላይ አኖረችው፣ ልክ እኔ ላደርገው እንዳሰብኩት።

«አባዬ ነው?»

«አዎ ልጄ» አልኳት። «አባትሽ ነው።»

እዚያው ዛፉ ሥር ተቃቅፈን አለቀስን። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፤ መንገዱን ሙሉ ከፍዬበት ያመጣሁት ለቅሶ ነው፣ ሳልቆጥብ አወጣሁት። ያዮ ግመሎቹን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመልን። ሕፃኗ ነቅታ ከእኛ ጋር ጮኸች።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ወገቤን ፈታሁ። ከድሪዋ የቀረው ክሩና አንድ ጠገራ ብር ነው። ክሩን በጥርሴ አሳጥሬ ሕፃኗ አንገት ላይ አሰርኩ። አስረሳሽ በእንባዋ መሐል አየችው።

«ሌላውስ?»

«ተከፈለ።»

«አባዬ ይህን ቢያይ!»

«አይቷል እንጂ! እስከዚህ ድረስ ሲጨቃጨቀኝ ነው የመጣው።»

ሳቋ አመለጣት፤ የአባቷ ሳቅ ነው። እኔ ወደ መጣንበት መንገድ ዞርኩ። ምድሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ካሳው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከዚያ ውሃ ውስጥ ቆሟል። «ውድ ነው» ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩት። አላለም። ገዥና ሻጭ በዋጋ ሲስማሙ እንደሚያደርጉት መዳፉን ወደ እኔ ዘረጋ። እኔም መዳፌን ዘረጋሁ፤ አየሩን መታሁት። ከዚያ ዞሮ፣ ግራ እግሩን ጎተት እያደረገ፣ ወደ ቆቦ አቅጣጫ ሄደ።