ባዶዋ መርፌ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ነበር ልበል እንጂ፤ ዓይኑ ከጠፋ አራት ወሩ። ሐኪሙ «ነርቩ ሞቷል፤ ከእንግዲህ አይመለስም» ብሎ ሸኘው። እኔም ይህን ሰምቼ ከዘጠኝ ዓመት የውጭ ትምህርት በኋላ ወደ ቤት ተመለስኩ።

የሥራ ክፍሉ እንደተውኩት ነው፤ የስፌት መኪናው በመስኮቱ ሥር፣ ሜትሩ ምስማር ላይ፣ መርፌ የሚሰካባት ቀይ ትራስም ጠረጴዛው ላይ። ድሮ ጠዋት ጠዋት በአሥራ ሁለት መርፌ ክር አስገብቶ ያዘጋጅ ነበር፤ ሥራ መሀል ክር ፍለጋ ላለመቆም። በእያንዳንዷ መርፌ የአንድ ሰው ስም ዝቅ ባለ ድምፅ እየጠራ ይጸልይለት ነበር። አሥራ ሦስተኛዋን ግን ባዶዋን ይሰካታል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ ክር ያለቀበት ይመስለኝ ነበር።

አሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። አይሰፋም፤ አይጸልይምም።

«ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስለው ‹ምን ልሠራ?› ይለኛል» አለችኝ አክስቴ፣ ሽንኩርት እየላጠች። «እስቲ አንቺ አነጋግሪው፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ራሴ ከጸለይኩ ስንት ዓመቴ፣ አክስቴ።»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል! ይሄን ልትማሪ ነው ያን ያህል አገር አቋርጠሽ የሄድሽው?»

ጸሎቱ ቢያቅተኝ ክር ማስገባት አያቅተኝም ብዬ በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሳይነሳ መርፌዎቹን በሙሉ አዘጋጀሁ። ሳይጨርሰው የተወው የአንድ ዘበኛ ካፖርት ተሰቅሏል፤ የቀረው ቁልፍ መትከል ብቻ ነው። እጁ ሥራውን ያስታውስ ይሆናል አልኩ።

ግድግዳውን እየዳበሰ መጥቶ ተቀመጠ። ጣቱን በትራሷ ላይ አሳለፈ። የመጨረሻዋ መርፌ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«እህቴ! ነይ እስቲ! ባዶዋ ክር ገብቶባታል!»

አክስቴ ቢላዋዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች። አይታኝ ገባት። እጄን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ።

«ያቺ የጌታ ናት» አለች በሹክሹክታ። «‹ይህችን አንተ ያዛት፣ አብረን እንሥራ› ይል ነበር። ዓይኑ የጠፋ ዕለት ደግሞ ‹እዚህ ካለህ ክር አስገባባት› ብሎ አለቀሰ። ይኸው በየጠዋቱ ይዳብሳታል። አንቺ ነሽ አይደል?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እንግዲያው አፍሽን ያዢ።»

አባቴ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሏል። ለማያምን ሰው ዝም ማለት ምን ይከብዳል? ግን እኔ የሄድኩ ቀን መርፌዋ ባዶዋን ትገኛለች። ያን ጊዜ ማን ይይዘዋል?

«አባዬ፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት። አላወቅኩም ነበር።»

አክስቴ ጭኗን መታች። «ወይ አንቺ!»

አባቴ ክሩን እስከ ጫፉ በአውራ ጣቱ ተከተለው። ፈገግታው ጠፍቷል።

«ገና ስነካው አውቄዋለሁ» አለ። «ይሄ ቋጠሮ ነው ወይስ ድንች? ከሕፃንነትሽ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትቋጥሪው።»

«ታዲያ ለምን ደስ አለህ?»

«በራሱ ጣት እንዲያስገባ ነበር የምጠብቀው። አራት ወር ሙሉ ይቺ እህቴ ስታጎርሰኝ፣ እግሬን ስታጥበኝ፣ እኔ መርፌ እየዳበስኩ ‹የለህም› እለው ነበር። አሁን ቋጠሮሽን ስነካ፣ ለካ በእናንተ እጅ ነው የሚያስገባው ብዬ ደስ አለኝ፤ አፈርኩም።»

«እኔ እንኳ አለሁ» አለች አክስቴ፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። «ሽንኩርቱ ነው፤ አትዩኝ።»

«ማን ያይሻል?» አላት አባቴ።

ካፖርቱን አቀበልኩት። አንድ ቁልፍ ለመትከል ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሁለት ጊዜ ጣቱን ወጋ፤ ደሙን ጨርቁ ላይ እንዳያስነካ መጠጠው።

«ቀጥ ብሏል?»

«ጠሟል፣ አባዬ።»

«ፍቺውና ሌላ ክር አስገቢልኝ።»

ፈታሁት። ዳግመኛ የተከለውም ጠመመ። ከዚህ በኋላ ማንም ልብስ እንደማያሰፋው ሁለታችንም አውቀናል። ውጭ ደመናው ከብዶ ክፍሉ ጨለምለም አለ። ዞሬ አየሁ፤ ከሦስታችን በቀር ማንም አልታየኝም።

እጁን ዘረጋ። የክሩን ጫፍ በምራቄ አርጥቤ አስገባሁና እንደ ልማዴ ቋጥሬ ሰጠሁት። መርፌዋን ተቀብሎ፣ እንደ ድሮው ጠዋት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስሜን ሲጠራ ሰማሁ። እኔን እየጠራ አልነበረም።