አሲድ ያልነካቸው ሽሎች

ዶክተሩ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሲል እጁ ስልኩ ላይ ነበር።

«እትዬ ቀስታ፣ ይምጡና ይዩት! ሁለቱም ጨልመዋል!»

የቤተ ሙከራ ባለሙያዋን ቀስታ የሚሏት ጠብታ በጨመረች ቁጥር ትንፋሿን ይዛ ስለምትዘገይ ነው። ጎንበስ ብላ አየች። የአንድ ቀን ዕድሜ ባለው የአይጥ ሽል ውስጥ ሁለት ክቦች አሉ፤ አንዱ የአባት፣ አንዱ የእናት ዘረመል የያዘ። እንቁላሉ ከዳበረ በኋላ በአባትየው ላይ ያሉት፣ ዘረመሉን የሚቆጣጠሩት ሜቲል የሚባሉ ኬሚካላዊ ምልክቶች በሰዓታት ውስጥ ይጠረጋሉ፤ የእናትየው ግን ሽሉ በተከፈለ ቁጥር ቀስ በቀስ ነው የሚሳሱት። ስለዚህ ምልክቱን በሚያበራው ቀለም አንዱ ክብ ሲፈዝ ሌላው መድመቅ ነበረበት።

«አዲሱ ማሳደጊያ ፈሳሽ የእናትየውንም ጠርጎታል» አለ። «ታች ክሊኒኩ ያለው የሰው ሽል በዚሁ ፈሳሽ ነው ያደገው። ማህፀን እንዳይገባ፣ ይደፋ እላቸዋለሁ።»

የዚያን ሽል እናት ቀስታ ጠዋት ደረጃው ሥር አግኝታታለች። ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ ቦርሳዋን አቅፋ፣ «የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ጸልዪልኝ እህቴ» ብላታለች።

አሁን ዶክተሩ ሲደውል ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ዐረፈ። የአሲዱ ጠርሙስ ማሸጊያው አልተቀደደም። አሲዱ ዘረመሉን ካልከፈተው ቀለሙ አይገባም፤ ምልክት ኖረም አልኖረም ሁሉም ይጨልማል። ትናንት ስልክ ሲጮህ ሥራዋን አቋርጣ አንስታ ነበር፤ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ቀለሙ አለፈች። ዶክተሩ ለማነጻጸር በነባሩ ፈሳሽ ያደጉትን ገና አላየም፤ ቢያይ እነሱም ጨለማ ናቸው።

«ሃሎ፣ ክሊኒክ?»

«ዝጋው!» አለችው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት «እርስዎ» ያለችውን ሰው።

«ምን?»

«አሲዱን ረስቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ፊቱ ደም መሰለ። «እንዲህ ሊያደርጉኝ ነው ቀስ የሚሉት?»

ያልተነኩ ስምንት የአይጥ ሽሎች ቀርተዋል፤ አራቱ ከአዲሱ፣ አራቱ ከነባሩ ፈሳሽ። ክሊኒኩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቃለን አለ።

«አምላኬ፣ እጄን አንተ ያዝልኝ» አለች በሆዷ። አሲዱን ጨመረች፣ አጠበች፣ ቀለሙን አደረገች። ዶክተሩ ከኋላዋ ይንጎራደዳል።

«ኧረ ይቀመጡ፣ ወለሉ አለቀ!»

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ከአዲሱ ወደ ነባሩ፣ ከነባሩ ወደ አዲሱ እያቀያየረ አየ።

«አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ፈዛዛ» አለ በመጨረሻ። «በሁለቱም ፈሳሽ ያው ነው።»

እሱ ሲደውል እሷ መዝገቡን ከፍታ የትናንቱን ስህተት ከነስሟ ጻፈች።

ዶክተሩ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ዝጋው ያሉኝንም ይጽፉታል?» አላት።

ወደ ታች ስትወርድ አግዳሚው ባዶ ነበር። ሴትዮዋ ተጠርታ ገብታለች። ቀስታ የያዘችውን ትንፋሽ እዚያ ለቀቀችው።