ቻይዋን እንቅልፍ የጣላት ቀን

በሆስፒታሉ የልብስ ንጽህና ክፍል የሚሠሩት ሴቶች «ቻይዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ስሙ የወጣላት ለሙገሳ ነው፤ እሷም ለብዙ ጊዜ እንደ ሙገሳ ተቀብላው ኖራለች። ማሽን ሲበላሽ የራሰውን አንሶላ በእጇ ጨምቃ የምታሰጣ እሷ፣ ሰው ሲቀር የሌላውን ተራ የምትሸፍን እሷ፣ አለቃ ሲቆጣ አንገቷን ደፍታ የምትሰማም እሷ። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ሌላ የሚቻል ነገር ይጠብቃታል፤ ባሏ።

ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን እሷም ትላለች፣ ጎረቤትም ይመሰክራል። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ እጁ ወርቅ የሚባልለት ባለሙያ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለልጁ ነፍሱን የሚሰጥ። ብቻ መጠጥ ይወድ ነበር፤ ኋላ ኋላ ደግሞ መጠጡ እሱን ወደደው። መጀመሪያ በእረፍት ቀን፣ ከዚያ ከሥራ መልስ፣ ከዚያ ደግሞ «ለራስ ምታት» እየተባለ በጠዋት። ቻይዋ በሩ እስኪንኳኳ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች፤ ከገባም በኋላ ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ አስተኝታ ትንፋሹን ስታዳምጥ ይነጋል። ሲነጋ መነሳት ካቃተው ለአለቃው ትደውላለች። «ዛሬ አሞታል» ትላለች። ሆዱን አሞታል፣ ወገቡን አሞታል፣ ጥርሱን አሞታል። በእሷ አፍ ያልታመመ የሰውነት ክፍል አልቀረውም።

በኦንላይን ስለሚሰጠው የምክር አገልግሎት የነገረቻት አብራት ልብስ የምትተኩሰው ሴት ናት። አፏ ስለማያርፍ ሁሉም «ሬዲዮ» ይሏታል።

«የወንድሜ ትዳር በእሱ ነው የተረፈው» አለች ሬዲዮ የትራስ ልብስ እያጠፈች። «በስልክሽ ነው፤ ወረፋ የለ፣ ማን አየኝ የለ። ጭንቀትም ይሁን፣ ሱስም ይሁን፣ የባልና ሚስት ጠብም ይሁን ያነጋግሩሻል።»

«እኔ ምን ሆኜ?»

«አንቺማ ምን ትሆኛለሽ! ለባልሽ ነዋ።»

ልቧን ያሸነፈው ይሄ «ለባልሽ» የሚለው ቃል ነው። ሬዲዮ ስልኳን ተቀብላ እዚያው መዘገበቻት። ችግርዎን ይምረጡ የሚል ሲመጣ፣ ማንንም ሳታማክር «ሱስ» የሚለውን ነካችው።

ቀጠሮው በምሳ ሰዓት ሆነ። ቤት እንዳይሆን ልጇም አማቷም አሉ፤ ግድግዳው ደግሞ ጆሮ ብቻ ሳይሆን አፍም አለው። ስለዚህ ከንጹሕ አንሶላ ማስቀመጫዋ ክፍል የተሻለ ቦታ አልተገኘም። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ እስከ ጣሪያ ድረስ መደርደሪያ፣ ከግድግዳው ባሻገር የማድረቂያው ማሽን ጉርምርምታ፣ ከዚያው የሚመጣ ለብ ያለ ሙቀት። ሬዲዮ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ቆመች። ቻይዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለብርድ ልብስ ክምር ሰጥታ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስደገፈችው።

አማካሪው ቀጭን፣ ባለ መነጽር ወጣት ነው። የታናሽ ወንድሟ እኩያ እንኳ አይሆንም። ይሄ ልጅ ስለ ትዳር ምን ያውቃል ብላ ቅር አላት።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ልጁ። «መጠጥ የጀመሩት መቼ ነው?»

«ማን? እኔ?» ቻይዋ ዘላ ልትነሳ ምንም አልቀራት። «ምን ቆርጦኝ! ባሌ ነው እንጂ!»

ልጁ አፈረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ የተሞላው ሱስ ስለሚል ነው።»

ከበሩ ውጭ የሬዲዮ የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ቻይዋ ስለ ባሏ ተናገረች። የተበላሸ ማሽን ለጠጋኝ እንደምታስረዳ ሁሉ፣ መቼ እንደሚጀምረው፣ ምን እንደሚያብስበት፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ሳይቀር ዘረዘረች። «እንግዲህ ምን ላድርገው?» አለች በመጨረሻ። «ምግብ ውስጥ ጠብ የሚደረግ መድኃኒት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ሳያውቁ የሚሰጣቸው ነገር አደጋ አለው፤ እሱን ይተዉት። እሳቸው ራሳቸው ሲፈልጉ የሚያነጋግራቸው ሰው አለ። አሁን ግን እዚህ ያሉት እርስዎ ነዎት። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ።»

«እንቅልፍስ?»

«እሱማ…» አለች።

ልጁ አላጣደፋትም። ማሽኑ ይጉረመረማል፤ ብርድ ልብሱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የሚጠራት የለም፣ የሚያንኳኳ የለም። መልሱን ላስብ ብላ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች።

የነቃችው ሬዲዮ ትከሻዋን ስትነቀንቃት ነው። የምሳ ሰዓት አልፏል። ስልኩ ወደ ጎን ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ ልጁ ግን አሁንም እዚያው አለ።

«በሞትኩት!» አለች ፊቷን በእጇ እየሸፈነች። «እንዲህ ያለ ብልግና! ይቅር በለኝ ልጄ።»

«ምንም አይደል። የእርስዎ ሰዓት ነው። ስልኩን ብዘጋው ድምፁ እንዳይቀሰቅስዎት ብዬ ነው የቆየሁት።»

ከሰዓት በኋላ ካውያውን ይዛ ስትተኩስ እንባዋ አመለጣት። ሬዲዮ ካውያውን ከእጇ ተቀበለቻት። ቻይዋን ያስለቀሳት ሌላ ነገር አይደለም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው የሚቀሰቅሳት እንጂ እንዳትነቃ የሚጠነቀቅላት አልነበረም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ «አንቺ በለኝ፤ አንቱታው ያስረጀኛል» አለችው። እሱም አንቺ አላት፤ ቀስ እያለም መጠየቅ ጀመረ። ሌሊቱን ባትጠብቂው ምን ይሆናል ሲላት «ይሞታላ!» አለች። ፍርሃቷን አላቃለለባትም። በጣም የሰከረ ሰው በእርግጥ ሊታነቅ እንደሚችል፣ ጠርተውት ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከተዛባ አምቡላንስ መጥራት እንጂ ብቻዋን መታገል እንደሌለባት ነገራት። ከዚያ ግን የማትወደውን ጥያቄ አመጣ።

«ለአለቃው ስትደውዪለት ግን ማንን እየረዳሽ ይመስልሻል?»

«እንዴ! እንጀራውን ይጣ እንዴ? አንተ ልጅ፣ ሚስት አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ዝም በል!» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። የቀጣዩን ሳምንት ቀጠሮም ሆን ብላ ቀረች። ከሬዲዮ ጋር እንኳ ስለዚያ ልጅ ማውራት ተወች።

አንድ ቀን ማለዳ የባሏ አለቃ ራሱ ደወለ። በአንድ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ሊፍት ቆሟል፤ ዛሬ እንኳ እንዳይቀር ሲል ለመነ። ቻይዋ ስልኩን እንደያዘች ወደ ባሏ ዞረች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ለማሰር ይታገላል። ማሰሪያውን ይይዛል፣ ያመልጠዋል፣ ደግሞ ይይዛል። የዚያ ሕንፃ ጥልቅ የሊፍት ጉድጓድ ታያት። አብሮት የሚገባው ባልደረባውም ታያት፤ እሱም ሚስት አለችው።

አሞታል ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣላትም። የትኛውን በሽታ እንደምትጠራ እንኳ ለማሰብ አቅም አጣች።

«ሲጠጣ ነው ያደረው» አለች። «አሁንም አልበረደለትም። ጉድጓድ ውስጥ እንዳታስገባው።»

ባሏ ቀና አለ። ማሰሪያው ከእጁ ወደቀ። «ሸጥሽኝ» አለ፤ ጮሆ ቢሆን ይሻላት ነበር።

አለቃው አላባረረውም፤ ግን ከጥገና አውጥቶ መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ አስቀመጠው። ነገሩ በቤተሰቡ መሀል እሳት ሆነ። የባሏ እህት በስልክ አፏ የፈቀደውን ሁሉ ተናገረቻት። አማቷ ደግሞ ማድ ቤቱ ድረስ መጥተው ቆሙባት።

«የባል ገመና አደባባይ ይሰጣል? አንቺን ብዬ፣ ቻይ ምራት ሰጠኝ ብዬ ስኮራ!»

ቻይዋ የምታጥበውን ድስት አስቀመጠች። መልስ ብታዘጋጅ ኖሮ ብዙ ትል ነበር። የወጣላት ግን ይሄው ነው፤ «እማዬ፣ ደክሞኛል።»

አሮጊቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አባቱም እንዲሁ ነበር» አሉ። «እኔም ደክሞኝ ነበር። ደከመሽ ወይ የሚለኝ አጥቼ እንጂ።» ከዚያ ተነስተው ድስቱን ከእጇ አጠገብ ወሰዱ። «ከዛሬ ጀምሮ እሱን እኔ አዳምጠዋለሁ፤ የአሮጊት እንቅልፍ ስስ ነው። አንቺ ከልጅሽ ጋር ተኚ።»

ቻይዋ ልጇ ክፍል ገብታ ተኛች። ልጅቷ ለትምህርት ቤት ስትነሳ እናቷን አልቀሰቀሰችም፤ በእግሯ ጣት ተራምዳ ወጣች። ቻይዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አረፈደች።

ወደ አማካሪውም ተመለሰች። «ተናድጄብህ ነው የጠፋሁት» አለችው። «ገምቼ ነበር» አለ። «ልክ ነበርክ አልልህም» አለችው። «ግዴለም፣ አትበዪኝ» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ በአንሶላው ክፍል ስለ ራሷ ብቻ ታወራለች። መጀመሪያ የምታወራው ነገር ያለ አይመስላትም ነበር፤ ሲጀመር ግን ማለቂያ ጠፋለት።

ባሏ ግን አኮረፈ። መጠጡንም አልተወም፤ እንዲያውም ባሰበት። መጋዘን መዋሉን እንደ ሞት ቆጥሮት ነበር። ብዙ ሳምንት በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ተከራይ ኖሩ። አንድ ምሽት በጊዜ፣ ሳይቀምስ ገባና በሩ ላይ ቆመ።

«ያ የምታወሪው ልጅ…» አለ ወለሉን እያየ። «እኔንም ያነጋግረኝ ይሆን?»

«እሱ የኔ ነው» አለችው። «ለአንተ ሌላ ይሰጡሃል።»

ከብዙ ጊዜ በኋላ ባሏ ፈገግ ሲል አየችው።

ለእሱ የተሰጡት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ቆፍጣና ናቸው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ብዙ ዘመን የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላልና ሐኪም ሳታይ እንዳታቆም ብለው አስጠነቀቁት። ሐኪም ጋ ሄደ፤ መድኃኒት ታዘዘለት። አቆመ። የጎረቤት ሠርግ ላይ ግን እንደገና ወደቀ። ሬዲዮ ይህን ስትሰማ «ውሻ ወደ ትፋቱ» ልትል ነበር፤ ቻይዋ በዓይኗ ከለከለቻት። አማካሪው አስቀድመው ይህ ሊመጣ እንደሚችል ነግረውት ስለነበር በማግስቱ እያፈረም ቢሆን ደወለላቸው። ከዚያ ደግሞ ጀመረ። አሁን ካቆመ ቆይቷል፤ ዳነ ብሎ የሚምል ግን በቤቱ ውስጥ የለም፤ እሱ ራሱም አይምልም።

በቅርቡ ለሁለታችሁ አንድ ላይ ይሁን ተባለና አንዲት ሌላ አማካሪ ተመደበችላቸው። አማቷ ልጅቷን ይዘው ጎረቤት ሄዱ። ባልና ሚስት አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የስልኩ መስታወት ጠባብ ስለሆነ ሁለቱም እንዲታዩ ትከሻ ለትከሻ መጠጋት ነበረባቸው፤ ከተጠጋጉ ደግሞ ቆይተዋል። እሷ ቀኑን ሙሉ ስትተኩስ ውላ ወገቧ ተቆርጧል፤ እሱም ከመጋዘን ሣጥን ሲያነሳ ውሎ ነው የመጣው።

«ማን ይጀምር?» አለች ሴትዮዋ።

ባል ሚስቱን አየ። ሚስት እጇን አየች።

«ሳልናገር ትንሽ ልቀመጥ» አለች። «ዛሬ በጣም ደክሞኛል።»

«እኔም» አለ ባሏ።

ሴትዮዋ «እንግዲያው ከድካሙ እንጀምራ» አለቻቸው።