የይሄይስ መኪና የረጠበች ዕለት

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ፍቺ ዕለት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጌታሰው የወንድሙን መኪና በር ሲከፍት ውሃው ጫማው ላይ ፈሰሰ።

መኪናዋ ትንሽ ነጭ ቪትዝ ናት። እዚሁ ደብረ ማርቆስ የሚያስተምረው ታናሽ ወንድሙ ይሄይስ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ሲሄድ ትቶለት ነበር። ልቡ ወዶ አልነበረም። ጌታሰው የሰው ዕቃ አይበረክትለትም፤ የተዋሰው ብስክሌት ጎማው ተጣሞ፣ የተዋሰው ስልክ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ነው የሚመለሰው እየተባለ በቤተ ዘመዱ ይቀለድበታል። መሃል የገቡት አባታቸው አቶ ዋኘው ናቸው። ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝ እሱ ነው፣ ለወንድምህ ስጠው፣ ዋሱ እኔ ነኝ አሉ። ይሄይስም ቁልፉን ሲያስረክብ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለ፤ ሰው እንጂ ጭነት እንዳይገባባት።

ጌታሰው አደራውን እስከ ዋዜማው ጠበቀ። ረቡዕ ግን ሮብ ገበያ ወጥቶ ለፍቺው ሙክት ገዛና የሚጭንለት መኪና ቢያጣ፣ ማን ያያል ብሎ የኋላ ወንበር ላይ አጋድሞት መጣ። በጉ መንገድ ላይ ሸናበት። ማታ ወንበሩን በኦሞ አጥቦ፣ ሽታው ይውጣ ብሎ መስኮቶቹን ዝቅ አድርጎ ገብቶ ተኛ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። የነሐሴን ሰማይ የሚያምን እንደ ጌታሰው ያለ ሰው ነው። ሌሊት ከጮቄ ተራራ በኩል የመጣው ዝናብ ከነነፋሱ ገባባት።

ጠዋት ወለሉ ላይ የተኛውን ውሃ በጣሳ ጨለፈ። ሚስቱ ፋንታነሽ አሮጌ ብርድ ልብስ አምጥታ ወንበሩን እየተጫነች አደረቀች፤ ስፖንጁ ግን በተጫነችው ቁጥር ሌላ ውሃ ይተፋል። ፀሐይ የሚባል የለም። በዚህ መሃል ይሄይስ ደወለ። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ደጀን አድሯል፣ ቁርሱን በልቶ ይነሳል፣ ጌታሰው መኪናዋን ይዞ መናኸሪያ ይጠብቀው።

ፋንታነሽ እውነቱን ንገረው አለችው። ዝናቡን አንተ አልፈጠርከው።

«በጉንስ ማን ፈጠረው ልበለው?» አላት።

ክረምት በመጣ ቁጥር ፋንታነሽ የልጆቿን ልብስ የምታደርቀው ከሰል አቀጣጥላ፣ ቅርጫት ደፍታበት፣ ልብሱን በላዩ ዘርግታ ነው። ጌታሰውም መኪናዋን እንደ ቅርጫቱ አሰባት። የከሰል ምድጃውን አቀጣጥሎ፣ ከሥሩ ቆርቆሮ አንጥፎ፣ ከፊተኛው ወንበር እግር ሥር አስቀመጠው። የፊቶቹን መስኮቶች ዘጋ፤ የኋላዎቹን ስንዝር ስንዝር ከፈት አድርጎ ተወ።

አባታቸው ቤተ ክርስቲያን አድረው፣ ቆርበው፣ ጎረቤት ደግፏቸው ያን ጊዜ ገቡ። የቆረበ ሰው ሥራ አይነካም፣ ብዙ አያወራም፤ ተከናንቦ ተቀምጦ ይውላል። የሆነውን ሁሉ ሰሙና ጌታሰውን ከመቆጣት ይልቅ ሳቅ አሉ። ምድጃውን ማን እንደሚጠብቅ ጠየቁ። እሱ የመኪናዋን ምንጣፎች ሊያደርቅ ይዞ የብርጓል ወደምትባል ሴት ዳቦ ቤት ሊሮጥ ነው፤ ፋንታነሽም ጓዳ ሥራ ይጠብቃታል።

«ዋሱ እኔ አይደለሁም? እኔው እጠብቀዋለሁ» አሉ። «ቆራቢ ከመቀመጥ በቀር ምን ሥራ አለው?»

ጌታሰው የኋላው ወንበር ላይ ጣውላ ጋደም አድርጎ፣ አጎዛ አንጥፎ አስቀመጣቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በሩን ዘግቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ግን ተመለሰ።

«አባዬ፣ ዝናብ ካካፋ መስኮቱን ይዝጉት። እንደገና ከገባ አለቀልኝ።»

«እሺ ልጄ» አሉት።

ፋንታነሽ ከሰል ባቀጣጠለች ቁጥር የቤቱን በር ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ጌታሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያን ዕለት ያሰበው ስለ ወንበሩ ነው።

ዳቦ ቤቱ በበዓል ደንበኛ ተጨናንቋል። የብርጓል ምንጣፎቹን ከምድጃው አጠገብ ስትሰቅልለት፣ «ጌታሰው፣ ያንተ ዳቦ ደግሞ ፀጉር አብቅሏል» አለችው። ቤቱ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ ሰው ተነጋግሮ መሰማማት አልቻለም። ጌታሰው ደስ አለው። አባዬ ዘግተውታል ብሎ አሰበ። ትኩስ ዳቦ ቆርሶ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ተረጋግቶ በላ። በኋላ ከሁሉ አብልጦ የሚያንገበግበው ይኸው ዳቦ ሆነ።

ሲመለስ የመኪናዋ መስታወት ሁሉ ጉም ለብሷል። መስኮቶቹ ተዘግተዋል። አባቱ ራሳቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈዋል፤ ጉንጫቸው ቀላ ብሎ ከወትሮው ይልቅ ጤነኛ ይመስላሉ። አባዬ አለ። ደግሞ ጠራቸው። እጃቸውን ሲይዘው ወደቀበት። ጌታሰው መጀመሪያ ያደረገው ምድጃውን አውጥቶ ጓሮ፣ ጭቃው ውስጥ መድፋት ነበር። የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው።

ጎረቤት ተሰብስቦ ሐኪም ቤት አደረሳቸው፤ አልፈዋል ተባለ። ሽማግሌ ናቸው፣ ልባቸውም ደካማ ነበር፤ ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀም። እንዲያውም ቀኑባቸው። በፍልሰታ፣ ቆርበው፣ ሳይጨነቁ፤ ለእኛም እንዲህ ያድርግልን ተባለ። ፋንታነሽ ምድጃውን ከጭቃው አንስታ አጥባ ቦታው መለሰችው። የባሏን ፊት ግን አላየችም።

ይሄይስን መናኸሪያ የጠበቀው መርዶ ነው። አስከሬኑ በዘጠኝ ሰዓት ወጣ። ከቀብር ሲመለሱ ይሄይስ መኪናዋ ውስጥ ከጌታሰው ጎን ተቀመጠና ሱሪውን ዳሰሰ።

«ምነው፣ ርጥብ ነው?»

ጌታሰው ጠዋት ሙሉ የሸሸው ጥያቄ መጣ። በግ ጫንኩበት፣ ሽታው እንዲወጣ መስኮቱን ከፍቼው ባድር ዝናብ ገባበት አለ። እዚያ ላይ ቆመ።

ይሄይስ እጁን ትከሻው ላይ አደረገለት። «ተወው ጋሼ፣ ይደርቃል። አባዬን ለዚህ ክብር ያበቃሃቸው አንተ ነህ።»

ጌታሰው መሪውን እንደያዘ መንገዱ ጠፋበት፤ ይሄይስ ልቅሶ መስሎት አቁም፣ እኔ ልንዳ አለው። ይደርቃል። ጠዋት ሲደውል በስልክ ቢነግረው ኖሮ የሚመልስለት ይኸችኑ ነበር።

ለቀስተኛው እግዜር ያጽናህ ሲለው አሜን ማለት አቃተው። በሁለተኛው ቀን የነፍስ አባታቸውን ቄስ አበባውን ከድንኳኑ ጀርባ ጠርቶ ነገራቸው። ቄሱ ስግደቱንም ጾሙንም አዘዙለት፤ የወንድምህን ይቅርታ ግን እኔ አልሰጥህም፣ ከእሱ ጠይቅ አሉት።

በሣልስቱ ሰው ሲበተን፣ ሁለቱ የእድሩን ድንኳን ሲያፈርሱ፣ ጌታሰው ከበጉ ጀምሮ እስከ ምድጃው ድረስ ምንም ሳያስቀር ተናገረ። ይሄይስ ገመዱን እንደያዘ ቆሞ ሰማው።

«መስኮቱን ይዝጉት ያልካቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ይሄይስ ገመዱን ጠቅልሎ ሲጨርስ መሬት ላይ አስቀመጠው። «አሁን አልችልም» አለና ወደ ቤት ገባ።

ነገሩን ለማንም አላወጣም። በአርባኛው ቀን ተዝካሩን አብረው አወጡ፤ አንዱ ጠላውን፣ አንዱ እንጀራውን ይዞ ሰው አስተናገዱ። መስከረም ሲያልቅ ይሄይስ መኪናዋን ለደብረ ኤልያስ ነጋዴ ሸጠ፤ በጥቅምትም ተዛውሮ ደጀን ማስተማር ጀመረ።