የፋጢማ ዊልቸር

ፋጢማ ከኮምቦልቻ ተነሥታ አዲስ አበባ ላይ በረራ ቀይራ ባሕር ዳር ስታርፍ፣ ኤርፖርት ሊቀበላት የነበረው የአክስቷ ልጅ ወባ ጥሎት ነበር። ስልኩን ያነሣችው ሚስቱ ናት።

"ብቻሽን እንዴት ልትሆኚ ነው?"

"ግድ የለም፣ እደርሳለሁ" አለች ፋጢማ። እንዴት እንደምትደርስ ግን አላወቀችም። ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተመደበችው ቡሬ ካምፓስ ነው። እግሮቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይታዘዙላትም፤ ሁለት ሻንጣና አንድ ዊልቸር ይዛለች።

የኤርፖርት ታክሲ መናኸሪያ አደረሳት። ሁለት ሚኒባሶች እቃውን አይተው አለፏት። በሦስተኛው ሹፌሩ ዓለምነህ ራሱ ወረደና፣ "እህቴ፣ እንዴት አድርጌ ላንሣሽ?" ሲል ጠየቃት። መጠየቁ ደስ አላት። ደግፎ አስገባት፤ ዊልቸሩን አጥፎ ከሻንጣዎቹ ጋር ጣሪያው ላይ አሰረ። አጠገቧ የተቀመጡት መሪጌታ ኪዳነ ማርያም የሚባሉ፣ ቡሬ አካባቢ ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው።

መራዊን አልፈው ዳንግላ ሲደርሱ አንድ ነጋዴ ወረደ። ዓለምነህ ጆንያውን ሊያወርድለት ጣሪያው ላይ ወጥቶ እቃውን ያገላብጥ ጀመር።

"ምነው?" አሉት መሪጌታ።

"የኔታ፣ ወንበሩ የለም። ሻንጣዎቹ አሉ፤ የወንበሩ ገመድ ተበጥሷል።"

ፋጢማ በመስኮት ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች። እናቷ ያንን ወንበር ለማግኘት ያልጠናችው ደጅ የለም። ያለ እሱ ከማደሪያ ወደ ክፍል የምትሄደው በሰው ጀርባ ታዝላ ነው። እንዲያ ከምትማር ተመልሳ ኮምቦልቻ ብትገባ ትመርጣለች።

"እመለሳለሁ" አለ ዓለምነህ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ከኋላ አንድ ጎልማሳ አጉረመረመ። "እኛስ? ቀጠሮ አለብን እኮ!"

መሪጌታ ዞር ብለው በትሕትና፣ "እውነትዎን ነው። እግር ያለው ሰው ይቸኩላል" አሉት።

ሰውየው ትንሽ ቆይቶ ገባውና አንገቱን ደፋ። "አዙረው በቃ" አለ።

ወደ መራዊ ተመለሱ። ተሳፋሪው ግማሹ ግራውን፣ ግማሹ ቀኙን ይቃኛል። በመንገዱ ዳርና ዳር የደረቀ በቆሎ ብቻ ነው የሚታየው፤ ካፊያም ጀመረ። ፋጢማ ተስፋዋ እየመነመነ ሳለ፣ ባሕር ዛፍ ሥር አንዲት አሮጊት ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠው አየች። የተቀመጡት ዊልቸሩ ላይ ነው።

"ያውና! ቁም!"

አሮጊቷ አልተነሡም። "የማን ነው ይኼ?" አሉ።

"የእኔ ነው፣ እማማ" አለች ፋጢማ በመስኮት።

"እሰይ! ሲወድቅ አይቼ ጮኽሁ፤ ማን ይስማኝ። መኪና እንዳይደፈጥጠው ጎትቼ አወጣሁት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ 'ምንድን ነው?' እያለ ሲያገላብጠው ጊዜ፣ በሉ የራሴ ነው ብዬ ዘርግቼ ተቀመጥሁበት።" ከዚያ የወንበሩን ክንድ ዳሰስ አደረጉ። "አሁን ልነሣ ነው? ወገቤን እንዲህ ያሳረፈኝ የለም።"

መኪናው በሳቅ ሞላ። ፋጢማም ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረና እንባዋን በሻርፗ ጠረገች። "አልሐምዱሊላህ" አለች ደጋግማ። አሮጊቷ ባንቺአየሁ እባላለሁ አሏት፤ ፋጢማም በመስኮት ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። እሳቸውም ግንባሯን ሳሟት።

አንዱ የእግር ማሳረፊያ ከመጣመሙ በቀር ወንበሩ ደኅና ነው። ዓለምነህ ጣሪያው ላይ ሊያወጣው ሲል ያ ያጉረመረመው ጎልማሳ፣ "ወዲህ በል" ብሎ ጭኑ ላይ ተቀበለው። እስከ ቡሬ አቅፎት ሄደ።

ቡሬ ሲገቡ መሸትሸት ብሎ ነበር። ዓለምነህ መናኸሪያው ጋ አላቆመም፤ ካምፓሱ በር ድረስ ወስዶ፣ የተጣመመውን ብረት በእጁ አቃንቶ፣ ወንበሯ ላይ አስቀመጣት። መሪጌታ፣ "ትምህርቱን ይግለጥልሽ ልጄ" ብለው መረቋት።

የጥበቃ ሠራተኛው ሻንጣዎቹን ይዞላት እሷ መንኮራኩሩን ራሷ እየገፋች ገባች። መንገዱ ለጥ ያለ ነው። መኝታ ክፍሏም ምድር ቤት ሆነላት። አልጋዋ ላይ እንደወጣች ለእናቷ ደወለች።

"እቃሽ አልጎደለም?"

"ምንም አልጎደለም እማ።"

የቀረውን ነገ ትነግራታለች። አሁን ፊቷን ታጥባ መተኛት ነው የፈለገችው።