የብስክሌቱ ኮርቻ

እኔና ታናሽ እህቴ አንድ ክፍል ተከራይተን ልብስ እንሰፋለን። ጸደይ እንደገባ እህቴ አሮጌ ብስክሌት እየገፋች መጣች።

«በዚህ ዕድሜሽ?» አልኳት።

«እትዬ፣ ዛፉ እንኳ አዲስ ቅጠል አወጣ። እኔ ምን በወጣኝ ባሮጌው እኖራለሁ?»

ወድቃ ተነስታ ቻለችው። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ እሷ ሆነች። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ በር ላይ ወጥታ ታጨበጭብላታለች። ደንበኞች ልካቸውን ስወስድ ስለ እሷ ይጠይቁኛል። ፊቷ ሲፈካ ባየሁ ቁጥር ቅናት ያንገበግበኛል፤ ስፌቱም ይጣመምብኛል።

አንድ መጽናኛ ነበረኝ። እህቴ ረጅም ስለሆነች፣ ስትነዳ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አይቀረው። «ፌንጣ መስለሻል» እላታለሁ። ስቃ ታልፈኛለች።

አንድ ቀን ክር ልትገዛ በእግሯ ወጣች። በሩን ገርበብ አድርጌ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። ከሱቅ የተገዛ ቀሚስ ሳይቆረጥ ልክ ሆኖኝ የማያውቀው እኔ አጭሯ፣ ኮርቻው ላይ ስቀመጥ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ነኩ። ልብስ ሰፊ ለክቶ የሠራልኝ ይመስል ነበር።

ገና ሳልወርድ እህቴ ገባች።

«ይህን ኮርቻ ከፍ ማድረግ አቅቶሽ ነው?» አልኳት፣ ሀፍረቴን በቁጣ ልሸፍን።

«አይ» አለች ክሩን እያስቀመጠች። «መቼ እንደምትሞክሪው ስለማላውቅ ባንቺ ልክ አድርጌው ነው።»

እኔ እንድትወድቅ ስመኝ ነው የከረምኩት። ደግ በመሆንም ቀደመችኝ።

«በይ እንዳልወድቅ ያዥልኝ» አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ።