የሰርፀ ሐር

ተስፋጽዮን የለቅሶ ቤቱን ደፍ ሲረግጥ ወሬው ቀጥ አለ። ገሚሱ አቀረቀረ፤ ማሂ ብቻ ዓይኗን አልነቀለችም። አባቷ ሰርፀ የተቀበረው ትናንት ነው። አትላንታ አጠገብ፣ ሊቶኒያ ያለው ቤታቸው በእንግዳ ተጨናንቋል፤ እናቷ ትዕግስት ጥቁር ነጠላ አጣፍታ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች።

ተስፋጽዮን ጎንበስ ብሎ ትዕግስትን እግዜር ያጽናሽ አላት።

ሰርፀና ተስፋጽዮን ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ አብረው የመጡ ወዳጆች ነበሩ። ሰርፀ በልጅነቱ ከመሪጌታ አጎቱ ብራና ላይ ሐረግ መሣል ተምሮ ነበር። አትላንታ ሲገባ ያንን ሐረግ ሐር ላይ አወጣው። ነጩን ሐር በእንጨት ፍሬም ወጥሮ፣ ቀለም ከቀለም እንዳይቀላቀል መስመሩን በቀለጠ ሰም እየዘጋ፣ አንዲቷን ስካርፍ ሳምንታት ይሠራት ነበር። የሚሸጠው ተስፋጽዮን ነው። አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ሰዓሊው ማነው ሲሉት፣ እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ወዲያ ለሽያጭ ከወሰዳቸው በኋላ በየስካርፉ ጥግ የሚያሳትመው የራሱን ስም ሆነ። ሰርፀ ይህን ያወቀው የጓደኛውን ፎቶ መጽሔት ላይ ሲያይ ነው። አልከሰሰውም። ብሩሹን አስቀምጦ የጭነት መኪና መንዳት ጀመረ፤ እስኪሞት ድረስም ዳግመኛ አልሣለም።

ማሂ ተነስታ ተስፋጽዮን ፊት ቆመች።

"ለምን አሁን መጣህ?"

አንድ ሽማግሌ፣ እዚህ ያደገች ልጅ ናት፣ አንቱታው አይመጣላትም ብለው ሊሸፍኑላት ሞከሩ። እሷ ግን አውቃ ነው።

ተስፋጽዮን ስንት ጊዜ መጥቶ፣ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ ሳይወርድ እንደተመለሰ ነገራት።

"ያኔ ያላልከውን እዚህ በለው" አለችው። "ኤቭሪባዲ ይስማ።"

ተስፋጽዮን ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ።

"ስሜ ያለበት ስካርፍ ሁሉ የሰርፀ ነው" አለ። "እኔ አንዲት መስመር አልሣልኩም። ሰርቄዋለሁ።"

ማሂ የጠበቀችው እፎይታ አልመጣላትም።

"ይሄን መስማት የነበረበት እሱ ነው" አለች ትዕግስት፣ ድምጿን ሳታነሳ።

ተስፋጽዮን በሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ውጣ ያለው የለም፤ ወንበር ያቀረበለትም የለም።

ትዕግስት የነጠላዋን ጠርዝ አንስታ፣ ምራቅ ባስነካችው አውራ ጣቷ መጠቅለል ጀመረች። ሰርፀ ሥሎ ሲጨርስ የሐሩን ጠርዝ እንዲህ እየጠቀለለች የምትሰፋው እሷ ነበረች፤ ክር አስገብቶ መርፌውን የሚያቀብላት ደግሞ ከጎኗ የሚቀመጠው እሱ። ጥቅሉን ጥግ ድረስ አደረሰችው። ከዚያ፣ ቀና ሳትል፣ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች።